የአራስ ቤት መስኮት

እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ነፋስን የምንፈራውን ያህል ሌላውን ነገር ሁሉ ብንፈራ ኖሮ ከብዙ ጣጣ በዳንን ነበር። አላምንም የሚል ካለ በሐምሌ ከኡራኤል ታክሲ ይሳፈርና መስኮት ይክፈት። እጁን ከመስተዋቱ ሳያነሳ ከኋላም፣ ከጎንም፣ ከጋቢናም «ኧረ ዝጋው ወንድሜ!» ይዘንብበታል። አንዷ ጉንፋን ይዟታል፣ አንዱ ጆሮውን ያመዋል፣ አንዲት እናት ልጅ አቅፈዋል። ውስጥ ግን እርጥብ ጃንጥላ፣ እርጥብ ካፖርትና የሰው ትንፋሽ ታምቆ መስተዋቱ ላይ ይንቆረቆራል፤ ረዳቱ በእጅጌው እየጠረገ መንገዱን ለሾፌሩ ያሳየዋል። ያም ሆኖ በነፋስ ከመመታት በትንፋሽ መቀቀል ይሻላል ብለን ሁላችንም ተስማምተናል። እኔም አንድ ሰሞን ከጯሂዎቹ አንዱ ነበርኩ፤ እንዲያውም ድምፄ ጥሩ ነው።

ይህን አመሌን ያስጣለችኝ የራሴ ቤት መስኮት ናት። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ በሆነ የቀበሌ ቤት ውስጥ አዲስ ጎጆ ወጥተን ነበር። ክፍሉ አንድ ነው፤ ባለቤቴ ምትኬ መጋረጃ ከጋረደችበት ወዲህ ግን ለሰው ሁለት ነው እንላለን። መስኮቱም አንድ ነው፤ የእንጨት ነው፤ የሚከፈተውም ወደ ጎረቤታችን ወደ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ጓሮ ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ሰኔ ሲገባ ተወለደች። የክርስትና ስም እስኪወጣላት ሚጣ እንላታለን። ሴት ስለሆነች ክርስትናዋ በሰማንያ ቀኗ ነው፤ እስከዚያ እናትና ልጅ ለጤና ጉዳይ ካልሆነ በቀር ከቤት አይወጡም። ሰማንያው ቀን ደግሞ ከክረምቱ ጋር ተመካክሮ የመጣ ይመስል አንድም ዝናብ ሳያመልጠው ገጠመ።

አማቴ እማማ አስካለ አራስ ልጃቸውን ሊንከባከቡ መጡ። አገራቸው ከደብረ ብርሃን ማዶ ነው፤ ብርድ እንደ ቤተሰብ ከሰው ጋር በአንድ ጋቢ የሚያድርበት አገር። እማማ ደግ ሴት ናቸው። እኔን በጣም ይወዱኛል፤ የሚወዱኝም አንድ ቀን እንኳ እምቢ ብያቸው ስለማላውቅ ይመስለኛል። ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፤ የእኔ ፍርሃት ግን የጠቀመው አማቴን ነው። እንደ መጡ ቅቤያቸውንና የገብስ ዱቄታቸውን አስቀምጠው፣ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው፣ ግድግዳ ግድግዳውን እየዞሩ ነፋስ ፈለጉ። ነፋስ ከእርጥብ ጣት መደበቅ አይችልም። ባገኙት ቀዳዳ ሁሉ ጨርቅ ጠቀጠቁ። የመስኮቱን ዙሪያ በአሮጌ ቀሚስ ቁራጭ፣ የበሩን ሥር በኬሻ፣ የቁልፉን ቀዳዳ ሳይቀር በጥጥ ደፈኑት።

«እማማ፣ እኔ ቁልፉን በየት ላስገባ ነው?» አልኳቸው ከሥራ ስመለስ ደጅ ቆሜ።

«አንኳኳ። ሰው መች ጠፋ» አሉኝ ከውስጥ።

እንግዲህ አስቡት። በዚያች አፏን በተለጎመች ክፍል ውስጥ ማንቆርቆሪያ ቀኑን ሙሉ ይንተከተካል፤ ገንፎ ይገነፋል፤ አጥሚት ይፈላል። ውጭ ዝናብ ስለሆነ የሚጣ ሽንት ጨርቅ ሁሉ ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ገመድ ላይ ይንጠባጠባል፤ እኛም ከሥሩ አንገታችንን ደፍተን እንሄዳለን። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል የሚመጣው ጎረቤት እርጥብ ጃንጥላውን ይዞ ይገባል፣ ገንፎውን ይበላል፣ ትንፋሹን አዋጥቶ ይወጣል።

መጀመሪያ ክብሪቱ እምቢ አለ። ቀጥሎ ጨው ከዕቃው አልወጣም አለ። ከዚያ አልጋ ሥር የተቀመጠው የሠርግ ጫማዬ ሸበተ፤ ሽበቱም አረንጓዴ ነው። ሙሉ ልብሴን ባወጣው እሱም ጢም አብቅሏል፤ እኔ ስንት ዓመት ለምኜ ያላገኘሁትን ጢም። ግድግዳው ማላብ ጀመረ። ከአልጋው በላይ አንድ ጥቁር ነቁጥ ብቅ አለችና ስናያት እንጎቻ አከለች፣ ዞር ስንል እንጀራ አከለች።

ይህን ሁሉ በሳቅ ማለፍ ይቻል ነበር። ሚጣ ግን ታፈነች። አፍንጫዋ ይዘጋና ስትተነፍስ ታፏጫለች፤ ጡት ስትይዝ ትንፋሽ ያጥራትና ለቅቃ ታለቅሳለች። እናቷም አብራት ታለቅሳለች። እማማ አስካለ ደግሞ ያቺን ፉጨት በሰሙ ቁጥር ጣታቸውን ምራቅ ያስነኩና አንድ አዲስ ቀዳዳ ፈልገው ይደፍናሉ። በደፈኑ ቁጥር ፉጨቱ ይብሳል። ፉጨቱ ሲብስ ሌላ ቀዳዳ ይፈልጋሉ።

ለክትባት ጤና ጣቢያ የወሰድናት ቀን ሲስተሯ ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠቻትና «ደረቷስ ደህና ነው። ቤታችሁ እንዴት ነው?» አለችን።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ደህና ናቸው» አልኳት።

«እርጥበት አለው ወይ ማለቴ ነው።»

ምትኬ ስለ ጫማዬ ነገረቻት።

«መስኮትስ ትከፍታላችሁ?»

ሁለታችንም መሬት መሬት ማየት ጀመርን።

«በግድግዳችሁ የሚወርደው የራሳችሁ ትንፋሽና የምታፈሉት ነገር እንፋሎት ነው» አለች ሲስተሯ። «መውጫ ስጡት። እናትና ልጅን ሸፈን አድርጋችሁ ቀን ቀን መስኮት ክፈቱ፤ ጨርቁን ከቤት አውጡና አስጡ። እንዲህ እያፈናችሁ ከቆያችሁ ግን ደረቷም መታመሙ አይቀርም። በቃ፣ ሌላ መድኃኒት የለኝም።»

ወደ ቤት ስንመለስ ምትኬ ሚጣን በሦስት ፎጣ ጠቅልላ እንደያዘች «እማዬን አንተ ንገራት» አለችኝ።

«ምን በወጣኝ! እናትሽ ናቸው።»

«አንተን ነው የምትሰማው። ትወድሃለች እኮ።»

«የሚወዱኝ ስለማልናገር ነዋ!»

ቤት ስንገባ እማማ በር ላይ ተቀበሉን፤ በሩን ወዲያው ዘጉና «ምን አለች ሐኪሟ?» አሉ። ምትኬ እኔን አየችኝ። እኔ ኮርኒሱን አየሁ። ኮርኒሱ ጠብ አደረገብኝ።

«ደረቷ ደህና ነው ብላለች» አልኳቸው። ውሸት አይደለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መስኮት ከመክፈት በስተቀር ሰው የሚያውቀውን ብልሃት ሁሉ ተጠቅሜ ቤቴን ላደርቅ ቆርጬ ተነሳሁ። መጀመሪያ ያማከርኩት ጋሽ ሸምሱን ነው። ጋሽ ሸምሱ ሱቃቸው ውስጥ ከመርፌ እስከ ላምባ ሁሉም ይገኛል፤ ምክር ደግሞ ለደንበኛ በነጻ ነው።

«ጨው ነው መድኃኒቱ፣ ወላሂ!» አሉኝ። «ማለቴ፣ ጨው እርጥበት ይስባል። እኔ ስኳሬን እንዴት የማቆየው ይመስልሃል? ጥግ ጥጉ ላይ ጨው ታስቀምጣለህ፣ በቃ።»

መርቀው የሰጡኝን ድፍን ጨው በሰሃን በሰሃን አድርጌ በየጥጉ አስቀመጥኩ። ጨው እርጥበት ይስባል ማለታቸው እውነት ነው። ሳበ፤ ስቦም አልቀረ፣ ሟሟና ከሰሃኑ ተርፎ በአልጋው ሥር ፈሰሰ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ለመልቀምም አልመች አለ። ወለሉ የዚያን ጊዜ የጠጣውን ጨው ይዞ እስከ መስከረም ሳይደርቅ ቀረ።

ቀጥሎ ግድግዳውን ኖራ ቀባሁት። ነጭ ሆኖ ዋለ፣ ግራጫ ሆኖ አመሸ፣ በማግሥቱ ያቺ ጥቁር እንጀራ ፊቷን ታጥባ እንደ ተነሳች ሁሉ ብቅ አለች። የኤሌክትሪክ ምድጃ ተውሼ ሰካሁ፤ የግቢያችን ሰው ሁሉ በአንድ ቆጣሪ ነው የሚተዳደረው፣ ስሰካው ግቢው በሙሉ ድርግም አለ። ሰው ሁሉ በየበሩ ወጥቶ «ማነው? ማነው?» ሲል እኔም ወጣሁና «ማነው?» አልኩ።

በመጨረሻ ከመሥሪያ ቤት ቬንትሌተር ተውሼ አመጣሁ። እማማ ዙሪያውን ሲያዩት ቆዩ።

«ይኼ ደግሞ ምንድነው?»

«አየር… አየሩን ወዲያ ወዲህ የሚያደርግ ነው፣ እማማ።»

«ነፋስ ነው?»

«ነፋስ እንኳ አይባልም።»

«አንተ ልጅ፣ የውጪውን ስንከለክል የውስጥ አመጣህብን?» አሉና ነጠላ አልብሰውት ጥግ አቆሙት። ከደጅ ብርሃን ወደ ጨለማው ክፍላችን የሚገባ ጠያቂ ሁሉ እንግዳ እየመሰለው ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለው ነበር።

ሚጣ ግን ማፏጨቷን አላቆመችም። አንድ ቀን ጡት ስትጠባ ትንፋሿ ቁርጥ አለና ከንፈሯ ጠቆር ሲል ምትኬ ጮኸች። አቅንተን ስንይዛት ተመልሳ አለቀሰች። ምትኬ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም የዚያኑ ዕለት መስኮቱን ልከፍት ወሰንኩ። ለእማማ ነግሬ ግን አይደለም፤ ያን ያህል አልጀገንኩም።

የቂርቆስ ንግሥ በሐምሌ ነው። በዋዜማው ከቤተ ክርስቲያኑ የሚመጣውን ዝማሬ እየሰሙ እማማ ዓይናቸው ወደ በሩ ሲሄድ አየሁ።

«እማማ፣ የሰማዕቱን ንግሥ ከደጁ ሆነው ሳይሳለሙ ሊቀሩ ነው?» አልኳቸው በበነጋታው።

«ሕፃኗን ማን ይጠብቃታል?»

«እኔ አለሁ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «በር እንዳትከፍት።»

«አልከፍትም፣ እማማ።» ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ በር አልከፈትኩም።

እሳቸው እንደ ወጡ ምትኬ ሚጣን ሸፍና ከመጋረጃው ጀርባ ተቀመጠች። እኔ ከመስኮቱ ሥር ያለው ሣጥን ላይ ወጥቼ የእማማን ጨርቅ መንቀል ጀመርኩ። መስኮቱ በእርጥበት አብጦ ከፍሬሙ ጋር አንድ ሆኗል። ብገፋው አይሰማም፣ ብለምነው አይሰማም። ካቻቢቴ ሰክቼ ተንጠለጠልኩበት።

«ቀስ በል!» አለች ምትኬ ከመጋረጃው ጀርባ።

«ቀስ እያልኩ ነው!»

የጭቃ ቤት ሲከለክል ሙጭጭ ነው፤ ሲሰጥ ደግሞ ልክ የለውም። መስኮቱ ከነፍሬሙ፣ ከነጭዱ፣ ከነቀረው ጨርቅ መጥቶ ደረቴ ላይ ዘፍ አለ። ብርሃን ገባ። ከጋሽ ሸምሱ ጓሮ የሳሙናና የዝናብ ሽታ ያለው አየር ተከትሎ ገባ። መስኮቱን እንዳቀፍኩ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ ደጅ የእማማ አስካለን ድምፅ ሰማሁ። ዝናብ ሊጥል ነው ብለው ቶሎ ተመልሰዋል።

መስኮቱን ወደ ቦታው መልሼ በጀርባዬ ተደገፍኩት። እማማ ጠበል በጠርሙስ ይዘው ገቡ።

«እንዴት ዋላችሁ ልጆቼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ንግሡ እንዴት ነበር?»

«ደስ ይላል። ሰው በሰው ላይ ነው። ምነው ሣጥን ላይ ቆምክ? ወርደህ ተቀመጥ እንጂ።»

«ደህና ነኝ፣ እማማ። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ ነው የምውለው።»

«ዛሬ ቢሮ ነበርክ?»

«ትናንት።»

ጠበሉን ለምትኬ አቀመሱ፣ ሚጣን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ፣ ወደ እኔም መጡ። እጄን ዘርግቼ ልቀበል አልቻልኩም፤ ሁለቱም እጆቼ መስኮት ይዘዋል። አፌን እንደ ጫጩት ከፈትኩላቸው። ቅር እያላቸው አጠጡኝ። ክንዴ ሲንቀጠቀጥ ጠበሉ ያዘው ብለው ያሰቡ ይመስለኛል፤ አማተቡ።

ያኔ ከጀርባዬ የጋሽ ሸምሱ ድምፅ መጣ። «ጎረቤት! ኧረ መስኮትህ ወደኔ ጓሮ እየመጣ ነው! ቆይ ልግፋልህ!»

ገፉልኝ። ሰው በጎረቤት ፍቅር እንደዚያ ሲገፋ አይቼ አላውቅም። እኔና መስኮቱ ተያይዘን እማማ እግር ሥር ተነጠፍን። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አይደል። በተከፈተው ቀዳዳ የጋሽ ሸምሱ ፊት ብቅ አለ።

«እንዴ! እማማ አስካለ፣ እንኳን አደረስዎ!» አሉ።

ስድብ ጠበቅሁ። ስድብ ቢመጣ ይሻለኝ ነበር። እማማ ቀዳዳውን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ሣጥኑ ላይ ወጡና ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ተቀመጡ።

«እማማ፣ ዝናቡ መጣ፤ ይውረዱ» አልኳቸው።

«ተወኝ።»

ምትኬ ሚጣን ይዛ ከመጋረጃው ወጣች። «እማዬ፣ ሐኪሟ እኮ ክፈቱ ብላናለች። የሚያፍናት ቤቱ ነው።»

«ሐኪም ምን ያውቃል?» አሉ እማማ። «አንዲት ቀዳዳ ናት የወሰደችብኝ።»

«ማንን?»

«ካንቺ ፊት የነበረችዋን። ከራስጌዋ በኩል አንዲት ቀዳዳ ነበረች፤ ይችን ጣቴን ታህል። ነገ እደፍናታለሁ አልኩ። አጨዳ ነበር፣ ሥራ በዛብኝ፤ ነገ፣ ነገ እያልኩ ሰነበትኩ። ልጄ ልክ እንደዚች ስታፏጭ ከረመችና አንድ ቀን ዝም አለች።»

ባለቤቴ ስሟ ምትኬ ነው። እንዲህ ያለ ስም ለማን እንደሚወጣ የማያውቅ የለም፤ ሌላ ልጅ ሞቶ በእግሩ ለሚመጣ ልጅ ነው። ተጋብተን፣ ወልደን፣ በቀን ስንቴ ስጠራት የማን ምትክ እንደሆነች ጠይቄ አላውቅም ነበር። እሷም እናቷን ጠይቃ አታውቅም። አሁን ልጇን እንዳቀፈች ቆማ እናቷን ታያለች።

ዝናቡ መጣ። ቀዳዳው ለአንድ ሰው ጀርባ ሰፊ ነበር፤ እኔም ሣጥኑ ላይ ወጣሁና አጠገባቸው ተቀምጬ ጀርባዬን ሰጠሁ። እማማ ሳያዩኝ የጋቢያቸውን ጫፍ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ጋሽ ሸምሱ ከሱቃቸው ላስቲክ አምጥተው፣ በውጭ በኩል ምስማር እየመቱ «አፉ በሉኝ! በአላህ አፉ በሉኝ!» ሲሉ፣ እኛ ከውስጥ ከኋላችን በስብሰን ተቀምጠናል።

አናጢ ጠራን። አናጢው «ነገ» አለ። የአናጢ ነገ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ላስቲኩም ዙሪያው ያልተጣበቀ ስለሆነ ነፋስ በመጣ ቁጥር ደረቱን ነፍቶ ይተነፍሳል። ሽንት ጨርቁ ጋሽ ሸምሱ ጓሮ፣ ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር መሰጣት ጀመረ። እማማ መጀመሪያ ሰሞን ቀኑን ሙሉ ሣጥኑ ላይ እየወጡ ጀርባቸውን ይሰጡ ነበር። ቆይቶ እንዝርታቸውን ይዘው ይወጡ ጀመር። ከዚያ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ፤ ለፈትሉ ብርሃን ሲሉ እንጂ ለሌላ እንዳይመስለኝ አስጠነቀቁኝ። እኔም አልመሰለኝም አልኳቸው። ክብሪቱ በአንድ ጭረት መያዝ ጀመረ። ያቺ ጥቁር እንጀራ ከዳር ዳሯ እየደረቀች ተቀረፈች።

አንድ ቀን ከሥራ ተመልሼ፣ እንደ ልማዴ ላንኳኳ እጄን ሳነሳ የቁልፉ ቀዳዳ ክፍት ሆኖ አገኘሁት። ጥጡ የለም። ስንት ጊዜ ኪሴ ውስጥ ሥራ ፈት የነበረውን ቁልፍ አወጣሁና ራሴ ከፍቼ ገባሁ። እማማ ሣጥኑ ላይ ናቸው፤ ጥጡን እየፈተሉት ነው። ምትኬ አልጋው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል፤ ሚጣ አጠገቧ ናት።

«እስ!» አሉኝ ጣታቸውን አንስተው። «ስማ።»

«ምኑን?»

«ስማ እልሃለሁ።»

ቆሜ አዳመጥኩ። ላስቲኩ ይተነፍሳል። ከሩቅ ረዳት ይጣራል። ሌላ ምንም የለም። ከዚያ ገባኝ፤ ፉጨቱ የለም። ሚጣ አፏን ገጥማ፣ በአፍንጫዋ እየተነፈሰች ተኝታለች።

እማማ እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አኖሩት። ሕፃኗን አዩዋት።

«እንግዲያ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ያቺ ቀዳዳ አልነበረችም ማለት ነው?»

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ያቺን ልጅ ምን እንደ ወሰዳት አላውቅም፤ የሚያውቅም የለም። ግን እኚህ ሴት ከምትኬ ዕድሜ የሚበልጥ ዘመን ሙሉ በየሄዱበት ያችኑ አንድ ቀዳዳ ሲደፍኑ እንደ ኖሩ ገባኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አማቴን ዓይን ዓይናቸውን አየሁና ሳልፈራ ተናገርኩ።

«አልነበረችም፣ እማማ።»

በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። መልሰው ጠረጉ። ከዚያ ቀና ብለው እዚያው ቆሜ ሲያዩኝ የድሮው ቁጣቸው ተመለሰ።

«ምን ቆመህ ታየኛለህ ታዲያ?» አሉ። «ላስቲኩን ግለጠው እንጂ፤ ልጅቷ አየር ታግኝ።»